የክሪስቲና አክስት ካታሪና፦ የስዊድን ዘውድ ከቫሳ ቤት የወጣባት ልዕልት

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው። «የስዊድን ንግሥት ክሪስቲና በ1654 ዙፋኗን ለካርል ጉስታቭ እንዳስረከበች አነበብሁ። አንዱ ጽሑፍ ሰውየውን የአጎቷ ልጅ ይለዋል፤ ሌላው የአክስቷ ልጅና አብሮ አደጓ ይለዋል። እናቱ ካታሪና የምትባል ልዕልት መሆኗን ባገኝም ስሟን ስከታተል ብዙ ካታሪናዎች እየመጡ ተምታቱብኝ። ይህች ሴት ማን ናት? የንጉሥ ልጅ ከሆነችስ ራሷ ለምን አልወረሰችም? ዘሯስ እስከ ዛሬ ቆይቷል?»

ትክክለኛው የአክስቷ ልጅ የሚለው ነው። ካርል ጉስታቭ የክሪስቲና አባት እህት ልጅ ነበር። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም፤ ስዊድንኛን ጨምሮ ብዙዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የአጎትንም የአክስትንም ልጅ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው የትውልድ ሐረጉን ሳይመለከት በግምት አንዱን ይመርጣል። በሌላ ታሪክ ላይ እንዲህ ያለው ግድፈት ብዙ አያጎድል ይሆናል፤ እዚህ ግን ነገሩን ከሥሩ ይለውጠዋል። ካርል ጉስታቭ የአጎት ልጅ ቢሆን ኖሮ የቫሳ ቤት ተወላጅ ይሆን ነበር፤ በ1654ም የንጉሡ ስም እንጂ የነጋሢው ቤት ባልተለወጠ ነበር። ዘውዱ ወደ ሌላ ቤት የተሻገረው አንዲት የቫሳ ልጅ ጀርመናዊ መስፍን አግብታ ስለ ወለደች ነው፤ ያቺም እርስዎ የጠየቁኝ ካታሪና ናት።

ወደ ሕይወቷ ከመግባቴ በፊት ያምታታዎትን የስም ብዛት ላጥራ። የመንግሥቱ መሥራች ጉስታቭ ቫሳ ሦስት ጊዜ ሲያገባ የመጀመሪያ ሚስቱ የዛክሰን ላወንቡርግ ካታሪና፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ካታሪና ስቴንቦክ ይባሉ ነበር። ከሁለተኛዋ ሚስቱ ከማርጋሬታ የወለዳት የመጀመሪያ ሴት ልጁም ካታሪና ስትሆን በ1559 የምሥራቅ ፍሪስላንዱን ገዥ ኤድዛርድን አግብታ ወደ ጀርመን ሄዳለች። ልጁ ኤሪክ 14ኛ ያነገሣት ከተራ ቤተሰብ የወጣችው ሚስቱ ካሪን ሞንስዶተር በስሟ ካታሪና ናት፤ የሌላው ልጁ የዮሃን 3ኛ ሚስት ደግሞ የፖላንድ ንጉሥ ልጅ ካታሪና ያጌሎኒካ ናት። የእኛይቱ ካታሪና ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣች፣ የጉስታቭ ቫሳ የልጅ ልጅ ናት። የምሥራቅ ፍሪስላንዷ አክስቷ፣ ስቴንቦክ ደግሞ የአያቷ ሚስት ነበረች፤ ስቴንቦክ በጣም ሸምግላ በ1621 ስለ ሞተች ሁለቱ በአንድ ዘመን ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። ከዚህ በታች «ካታሪና» ስል ያለ ሌላ ቅጽል እርሷን ማለቴ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ስዊድን እስከ 1753 ድረስ አሮጌውን የዩልዮስ አቆጣጠር ትከተል ስለነበር ግን በአንዳንድ መጻሕፍት ቀኖቹ በ10 ቀን ገፋ ብለው ቢያገኟቸው አይደናገሩ።

ካታሪና ኅዳር 10 ቀን 1584 በኒሾፒንግ ቤተ መንግሥት ተወለደች። አባቷ ካርል የጉስታቭ ቫሳ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ሲሆን በዚያን ጊዜ የሰደርማንላንድ መስፍን እንጂ ንጉሥ አልነበረም፤ ዙፋኑ በወንድሙ በዮሃን 3ኛ እጅ ነበር። ስለዚህ ካታሪና ስትወለድ የመስፍን ልጅ ነበረች፤ የንጉሥ ልጅ የሆነችው ከጊዜ በኋላ፣ አባቷ የወንድሙን ልጅ ሲጊስሙንድን ከዙፋን ካወረደ በኋላ ነው። ሲጊስሙንድ በ1587 የፖላንድ ንጉሥ ሆኖ የተመረጠ፣ በ1592 ደግሞ አባቱን ዮሃንን በስዊድን የተካ ካቶሊክ ነበር። አጎቱ ካርል የሉተራኑን ሃይማኖት ጠባቂ ነኝ ብሎ ተነሣበት፤ በ1598 ስቶንጌብሩ በተባለው ቦታ ድል አደረገው፤ በማግሥቱ ዓመት ሲጊስሙንድ ከስዊድን ዙፋን መሻሩ ታወጀ። ካርል የንጉሥነትን ማዕረግ በ1604 ተቀብሎ በ1607 ዘውድ ጫነ፤ በታሪክም ካርል 9ኛ ይባላል። ካታሪና ዕድሜዋ ከ10 እስከ 20 በሚደርስበት ዘመን ያየችው እንግዲህ አባቷና የአጎቷ ልጅ የተዋጉበትን፣ የሲጊስሙንድ ወገን የሆኑ መኳንንት በ1600 በሊንሾፒንግ አደባባይ አንገታቸው የተቀላበትን ጊዜ ነው። ይህን የቤተሰብ ጠብ አይርሱት፤ ወደ መጨረሻው ላይ ተመልሶ ይመጣል።

እናቷ ማሪያ በራይን ወንዝ ዳር የሚገኘው የጀርመን ግዛት የፕፋልትስ መራጭ መስፍን (ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት መሳፍንት አንዱ) የሉድቪግ 6ኛ ልጅ ነበረች። ካርልና ማሪያ በ1579 ተጋብተው ስድስት ልጆች ቢወልዱም ለአካለ መጠን የደረሰችው ካታሪና ብቻ ናት፤ ማሪያም በ1589 ልጇ አምስት ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን የእናት ወገን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን የካታሪናን ሕይወት ያለ እርሱ ማስረዳት አይቻልም ባይ ነኝ። የማሪያ ወንድም ፍሪድሪኽ 4ኛ በሃይደልበርግ የገዛው የካልቪን ተከታዮች (ከሉተራኖች የተለየው የፕሮቴስታንት ወገን) መሪ ሲሆን፣ የእርሱ ልጅ ፍሪድሪኽ 5ኛ ደግሞ በ1619 የቦሄሚያን ዘውድ ተቀብሎ የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት (ከ1618 እስከ 1648 ጀርመንን ያመሰውን) እሳት ወደ ራይን ወንዝ አገሮች የሳበው ሰው ነው። ካታሪናና ይህ ፍሪድሪኽ የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። ስዊድን ውስጥ የምትኖረው ልዕልት በእናቷ በኩል በጀርመን ፕሮቴስታንት መሳፍንት መካከል ዘመድ ነበራት ማለት ነው፤ ትዳሯንም ስደቷንም የወሰነው ይኸው ዝምድና ነው።

አባቷ በ1592 የሆልሽታይን ጎቶርፏን ክሪስቲናን አገባ። ከዚህች የእንጀራ እናቷ ለዐዋቂነት የበቁ ሦስት የአባቷ ልጆች ተወለዱ፦ በ1594 ጉስታቭ አዶልፍ፣ በ1596 ማሪያ ኤሊሳቤት፣ በ1601 ካርል ፊሊፕ። ከእነዚህ ሌላ ካርል ከጋብቻ ውጭ የወለደው፣ ከካታሪና በ10 ዓመት የሚበልጥ ካርል ካርልሶን ዩለንየልም የሚባል ወንድም ነበራት፤ በፖላንዶች ተማርኮ ከ10 ዓመት በላይ በእስር ከማቀቀ በኋላ የመንግሥቱ ባሕር ኃይል አዛዥ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። በሥርዓተ ጋብቻ ከተወለዱት መካከል ካታሪና ታላቋ ነበረች፤ ከጉስታቭ አዶልፍ በ10 ዓመት ትበልጠዋለች። አባታቸው በ1611 ሲሞት ወንድሟ ገና 17 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እርሷ ግን 27ኛ ዓመቷን ልትደፍን የተቃረበች፣ ያላገባች ሴት ነበረች። ለዚያ ዘመን ልዕልት ይህ የዘገየ ዕድሜ ነው።

ያገባችውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰኔ 11 ቀን 1615 በስቶክሆልም፣ በ30 ዓመቷ። ሙሽራው ዮሃን ካሲሚር በአምስት ዓመት ያህል የሚያንሳት የትስቫይብሩከን መስፍን ታናሽ ልጅ ሲሆን፣ የድርሻው ርስት አልዛስ ዳር የምትገኘው ትንሿ ክሌቡርግ ነበረች። ከሀብቱ ይልቅ ዘመዶቹ ይበልጡ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዮሃን 2ኛ የፍሪድሪኽ 5ኛን እህት ያገባ፣ ፍሪድሪኽም ሕፃን በነበረበት ጊዜ ፕፋልትስን በሞግዚትነት ያስተዳደረ ሰው ነው። ስዊድን ከፖላንድ ጋር ባላት ጠብ ወዳጅ ትፈልግ ስለነበር ጋብቻው የጀርመን ፕሮቴስታንቶችን ወደ ስቶክሆልም ለማቅረብ የታሰበ ነበር። ዮሃን ካሲሚር ካልቪናዊ መሆኑ ሉተራን ካህናት በበረቱባት ስዊድን ቅር ሳያሰኝ አልቀረም፤ ኋላም በቤተ መንግሥት ባለሥልጣናት ዘንድ እንደ ባዕድ ሲያስቈጥረው ኖሯል።

የመጀመሪያ ልጃቸው ክሪስቲና ማግዳሌና በ1616 በስዊድን ተወለደች፤ በ1618 ቤተሰቡ ወደ ክሌቡርግ ተጓዘ። ዮሃን ካሲሚር በዚያ አካባቢ በሚስቱ ስም ካታሪነንቡርግ የተባለ መኖሪያ አሠራ። ግን ሰላም አላገኙም። በ1620 የጸደይ ወራት ጉስታቭ አዶልፍ ራሱን ደብቆ ወደ ጀርመን መጣ፤ ጋርስ በሚባል የመቶ አለቃ ስም ነበር የሚጓዘው፤ ስሙ «ጉስታቭ አዶልፍ የስዊድን ንጉሥ» ከሚለው የላቲን መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። የመጣው ሙሽራ ለማየት ሲሆን በበርሊን የብራንደንቡርጓን ማሪያ ኤሌዎኖራን ጐብኝቶ እስከ ሃይደልበርግ ሲዘልቅ ዮሃን ካሲሚር አብሮት ነበር። ንጉሡ የእህቱን ባል ከዚያ ጀምሮ እንደ እምነት ሰው አየው ቢባል ግነት አይሆንም። በዚያው ዓመት በጋ የስፔን ጦር ወደ ፕፋልትስ ዘለቀ፤ የፍሪድሪኽ 5ኛ የቦሄሚያ ንግሥና በኅዳር ወር ከፕራግ አጠገብ በአንድ ውጊያ ተደመሰሰ፤ ካታሪናም ከልጆቿ ጋር ወደ ስትራስቡርግ ሸሸች። ያፈናቀላት ጦርነት የገዛ የእናቷ ወንድም ልጅ ባነሣው ጠብ የመጣ ነበር።

ከስትራስቡርግ ያወጣት ወንድሟ ነው፤ ይህንንም ያደረገው በዝምድና ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። በ1622 መጀመሪያ የቫሳ ቤት ምን እንደሚመስል ይመልከቱ። ታናሿ እህት ማሪያ ኤሊሳቤት የአጎቷን ልጅ የኤስተርዬትላንዱን መስፍን ዮሃንን በ1612 አግብታ (ይኸኛው በእርግጥም የአጎት ልጅ ነው፤ ካህናቱም ዝምድናው ቀርቧል ብለው ተቃውመው ነበር) ባልና ሚስት በ1618 በወራት ልዩነት ያለ ልጅ ሞቱ። ታናሽ ወንድማቸው ካርል ፊሊፕ በጥር 1622 ናርቫ ላይ በ21ኛ ዓመቱ ገደማ አረፈ። የጉስታቭ አዶልፍ ሚስት ማሪያ ኤሌዎኖራ የመጀመሪያ ልጇን ሞቶ ነበር የወለደችው። ንጉሡ በየጦር ሜዳው ከፊት የሚሰለፍ ሰው ነበር፤ አንድ ጥይት ቢያገኘው ከሕጋዊ ወንድምና እህቶቹ በሕይወት ያለችው ካታሪና ብቻ ናት፤ ከእርሷ ሌላ የሚጠብቀው በፖላንድ የተቀመጠው ሲጊስሙንድ ነበር። ስለዚህ ወንድሟ ጠራት፤ በ1622 ከባሏና ከልጆቿ ጋር ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ኅዳር 8 ቀን ደግሞ እርሷ በተወለደችበት በኒሾፒንግ ቤተ መንግሥት ካርል ጉስታቭን ወለደች። የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም አጣምሮ የያዘው ይህ ሕፃን ሲወለድ ንጉሡ ሕጋዊ ልጅ አልነበረውም። የኋላይቱ ንግሥት ክሪስቲና የተወለደችው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1626 ነው።

ባልና ሚስቱ በኤስተርዬትላንድ ባሕር ዳር በሚገኘው የስቴገቦርግ ግንብ ተቀመጡ፤ የቀሩት ልጆችም በስዊድን ተወለዱ። ለአካለ መጠን የደረሱት አምስት ናቸው፦ ክሪስቲና ማግዳሌና፣ ካርል ጉስታቭ፣ ማሪያ ኤውፍሮሲኔ፣ ኤሌዎኖራ ካታሪናና አዶልፍ ዮሃን። ካርል ጉስታቭ በአባቱ ካልቪናዊነት ሳይሆን በአገሩ የሉተር ሥርዓት አደገ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ በኋላ ዙፋኑን ማሰብም ባልተቻለ። ጉስታቭ አዶልፍ በ1630 ወደ ጀርመን ጦርነት ሲዘምት የመንግሥቱን ገንዘብ ነክ ጉዳይ በአመዛኙ ለዮሃን ካሲሚር አደራ ሰጠ፤ ማሪያ ኤሌዎኖራም በማግሥቱ ዓመት ባሏን ተከትላ ስትሄድ ትንሿ ክሪስቲና በአክስቷ እጅ ቀረች።

ኅዳር 6 ቀን 1632 ጉስታቭ አዶልፍ በጀርመን ሉትሰን በተባለው ቦታ በውጊያ ወደቀ። ክሪስቲና ስድስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷት ነበር። መንግሥቱን የያዙት አምስቱ ሞግዚቶች እነማን እንደነበሩ ልብ ይበሉ፦ ቻንስለሩ አክሰል ኡክሰንሼርና፣ ወንድሙ፣ አንድ ሌላ የኡክሰንሼርና ቤት ሰው፣ ማርሻሉ ያኮብ ደ ላ ጋርዲ፣ አምስተኛው ደግሞ የካታሪና የአባት ልጅ ካርል ካርልሶን ዩለንየልም። ሦስቱ ከአንድ ቤት መሆናቸው የዘመኑን የኃይል ሚዛን በግልጽ ያሳያል። ከፍተኛው መኳንንት የፕፋልትሱን ቤተሰብ (የዮሃን ካሲሚርንና የካታሪናን ቤት) በጥርጣሬ ያየው ነበር፤ ለንግሥቲቱ ቅርብ የሆነ፣ ወንድ ልጅ ያለው፣ ከውጭ የመጣ መስፍን የሥልጣን ተቀናቃኝ መሆኑ አይቀርምና። ዮሃን ካሲሚር ንጉሡ ከሞተ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ከገንዘብ አስተዳደሩ ገለል እንዲል ተደረገ፤ ወደ ስቴገቦርግም ተመለሰ።

በ1636 ግን እነዚሁ ሰዎች ወደ ካታሪና ለመመለስ ተገደዱ። ማሪያ ኤሌዎኖራ የባሏን አስከሬን ይዛ ከጀርመን ከተመለሰች በኋላ ሐዘኗ መጠን አጥቶ ነበር፤ ቀብሩ የተፈጸመው ንጉሡ ከሞተ ከአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ ቆይቶ በሰኔ 1634 ነው። ልጇን ጥቁር በለበሰ ክፍል ከራሷ ጋር ዘግታ አኖረቻት። ምክር ቤቱ ይህ ለወደፊቷ ንግሥት አስተዳደግ አይበጅም ብሎ ሕፃኗን ከእናቷ ለየ፤ ማሪያ ኤሌዎኖራን ወደ ግሪፕስሆልም ግንብ ላከ፤ ካታሪናንም አሳዳጊ አድርጎ ወደ ስቶክሆልም ጠራት። ካታሪና ሹመቱን በደስታ አልተቀበለችውም፤ የወንድሟን ሚስት ልጅ ከእቅፏ መውሰድ ጠላትነት እንደሚያመጣባት ዐውቃ ነበር፤ በእርግጥም የሁለቱ ሴቶች ግንኙነት በዚህ ተበላሸ። አማርኛችን «ሞግዚት» በሚለው አንድ ቃል መንግሥት የሚጠብቀውንም ልጅ የሚያሳድገውንም ስለሚጠራ እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ካታሪና በመንግሥቱ ጉዳይ ድምፅ አልነበራትም፤ ኃላፊነቷ ልጅቱ ብቻ ነበረች። ትምህርቱ በመምህሯ በዮሃንስ ማቲየ እጅ ሲሆን የቤት ሕይወቷ ግን በአክስቷ ጥላ ሥር ነበር፤ ከአክስቷ ልጆችም ጋር አብራ አደገች። እርስዎ ያነበቡት «አብሮ አደጓ» የሚለው እውነት የሚሆነው በዚህ ነው።

ይህ የቆየው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። ካታሪና ታኅሣሥ 13 ቀን 1638 ቬስቴሮስ ውስጥ በ54 ዓመቷ አረፈች፤ ክሪስቲና 12 ዓመት ከሞላት አንድ ሳምንት አላለፋትም ነበር። ካታሪና አባቷና እናቷ ባረፉበት በስትሬንግኔስ ካቴድራል ተቀበረች፤ ዮሃን ካሲሚርም በ1652 ሲሞት በዚያው ተቀበረ። ከእርሷ በኋላ ምክር ቤቱ የአሳዳጊነቱን ሥራ ለአንዲት ሴት መስጠቱን ትቶ ለተለያዩ የመኳንንት ሴቶች አከፋፈለው። ልጅቱ ዳግም በአንድ ሰው ላይ ልቧ እንዳያርፍ የተደረገ ይመስለኛል፤ ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ለምን ራሷ አልወረሰችም? ወንድሟ በሕይወት ሳለ መልሱ ግልጽ ነው፤ ወንድ ወራሽ ይቀድማል። ወንድሟ ከሞተ በኋላም ልጁ ክሪስቲና ነበረች፤ የመንግሥቱ ጉባኤ አስቀድሞ በ1627 ወራሽነቷን ተቀብሎ ነበር። ከዚህ በላይ ግን ሕጉ ራሱ ካታሪናን ከሰልፉ አውጥቷት ነበር። በ1604 በኖርሾፒንግ የጸደቀው የውርስ ስምምነት ወንድ ሲጠፋ ሴት ልጅ እንድትወርስ ቢፈቅድም የሚፈቅደው ላላገባች ልዕልት ነው፤ ባዕድ ባል የስዊድንን ዘውድ በሚስቱ በኩል እንዳይይዝ የተበጀ አጥር ነበር። ካታሪና በ1615 ስታገባ ይህ በር ተዘግቶባታል። ይኸው ድንጋጌ ከመቶ ዓመት በኋላ በገዛ ዘሯ ላይ ተነሥቷል፦ ካርል 12ኛ በ1718 ሲገደል እህቱ ኡልሪካ ኤሌዎኖራ የሄሰኑን ፍሪድሪኽ አግብታ ስለነበር ጉባኤው «የውርስ መብት የለሽም፤ ከነገሥሽ በምርጫችን ነው» አላት፤ እርሷም ፍጹማዊውን የንጉሥ ሥልጣን ትታ በምርጫ ነገሠች።

እንግዲህ እናቱ ያጣችውን መብት ካርል ጉስታቭ በውርስ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ያገኘው በክሪስቲና ፈቃድና በጉባኤው ውሳኔ ነው። ሁለቱ በወጣትነታቸው በምስጢር ቃል ተግባብተው ነበር፤ እርሱ በ1642 ወደ ጀርመን ጦርነት ሄዶ በስዊድኑ የጦር አዛዥ በቶሽተንሶን ሥር ሲያገለግል የእርሷ ልብ ተመለሰ። ላገባህ አልችልም ካለችው በኋላ ግን አልጣለችውም፤ በ1648 በጀርመን ያለው የስዊድን ጦር ጠቅላይ አዛዥ አደረገችው፤ በ1649 መጀመሪያ ደግሞ ለአማካሪዎቿ ጨርሶ እንደማታገባ ገልጣ ወራሼ እርሱ ይሁን አለች። ከፍተኛው መኳንንት አቅማማ። እርሷ ግን ካህናቱን፣ ከተሜዎቹንና ገበሬዎቹን በመኳንንቱ ላይ ደግፋ የምትፈልገውን አገኘች፤ በ1650 ካርል ጉስታቭ የመንግሥቱ ወራሽ ልዑል ተባለ። ከዚያ በኋላ በኤላንድ ደሴት ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ። ሰኔ 6 ቀን 1654 ክሪስቲና በኡፕሳላ ግንብ ዘውዷን አወረደች፤ በዚያው ቀን እርሱ ካርል 10ኛ ተብሎ በካቴድራሉ ነገሠ።

የቫሳ ቤት በዚህ ቀን ጠፋ የሚል ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ልክ አይደለም። ከስዊድን ዙፋን ወረደ እንጂ በወንድ በኩል ያለው ሐረግ በፖላንድ ገና ነበር። የሲጊስሙንድ ልጅ ያን ካዚሚየሽ በዚያን ዓመት የፖላንድ ንጉሥ ሲሆን የስዊድን ንጉሥ የሚለውን ማዕረግም ከአባቱ ወርሶ ይዞት ነበር። (ስሙ ከካታሪና ባል ከዮሃን ካሲሚር ጋር አንድ ነው፤ በአንዳንድ ጽሑፎች ሁለቱ የተቀላቀሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።) የጉስታቭ ቫሳ የወንድ ልጅ የወንድ ልጅ ልጅ እርሱ ነበርና የካርል ጉስታቭን ንግሥና ተቃወመ። ካርል ጉስታቭ በ1655 ፖላንድን ሲወር ከሰበቦቹ አንዱ ይህ ተቃውሞ ነው፤ ያን ካዚሚየሽ የይገባኛል ጥያቄውን የተወው በ1660 በኦሊቫ ውል ነው። ካታሪና በልጅነቷ ያየችው በአባቷና በአጎቷ ልጅ መካከል የተነሣው ጠብ የተዘጋው በዚህ ውል ሲሆን፣ የፈረመው ወገን የእርሷ የልጅ ልጅ የካርል 11ኛ መንግሥት ነበር፤ ካርል 10ኛ በዚያው ዓመት በየካቲት ሞቶ ልጁ የአራት ዓመት ሕፃን ነበርና።

ስለ ሌሎቹ ልጆቿ ጥቂት ልጨምር። ማሪያ ኤውፍሮሲኔ በ1647 የማርሻሉን ልጅ ማግኑስ ጋብሪኤል ደ ላ ጋርዲን አገባች፤ የፕፋልትስ ቤትና አንዱ የሞግዚቶቹ ቤት በዚህ ተዛመዱ። ኤሌዎኖራ ካታሪና ወደ ሄሰን ተዳረች። የአዶልፍ ዮሃን ልጅ ጉስታቭ ሳሙኤል ከ1718 ጀምሮ የትስቫይብሩከን መስፍን ሆነ። ለመጨረሻው ጥያቄዎ ግን ትልቋ ልጅ ክሪስቲና ማግዳሌና ትበልጥብናለች፤ በ1642 የባደን ዱርላኹን ፍሪድሪኽ 6ኛን አገባች። በካርል ጉስታቭ በኩል ያለው ንጉሣዊ ሐረግ ከካርል 11ኛ፣ ከካርል 12ኛና ከኡልሪካ ኤሌዎኖራ በኋላ ሲቋረጥ ስዊድኖች በ1743 ወራሽ አድርገው የመረጡት የሆልሽታይን ጎቶርፉ አዶልፍ ፍሬድሪክ የክሪስቲና ማግዳሌና የልጅ ልጅ ልጅ ነበር። እናቱ አልበርቲና ፍሬድሪካ ከባደን ዱርላኽ ናት፤ የእርሷ አባት ፍሪድሪኽ ማግኑስ የክሪስቲና ማግዳሌና ልጅ ነው። ጉስታቭ 3ኛና ጉስታቭ 4ኛ አዶልፍ ከእርሱ ይወርዳሉ።

የቤርናዶት ቤት በ1818 ሲነግሥ ይህ ሐረግ ከዙፋኑ ወጣ፤ ሆኖም እንደገና በሴት በኩል ተመለሰ። የጉስታቭ 4ኛ አዶልፍ ልጅ ሶፊ ወደ ባደን ተዳረች፤ የልጅ ልጇ ቪክቶሪያ በ1881 የኋላውን ጉስታቭ 5ኛን አገባች። የዛሬው ንጉሥ ካርል 16ኛ ጉስታቭ የዚህች የቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ልጅ በመሆኑ ዘሯ ቆይቷል ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው፤ በስዊድን ዙፋን ላይ ተቀምጧል።